ቪትዟን ልሽጣት ወይስ ልቻላት?

ጥያቄ፦

«ባሕር ዳር አባይ ማዶ ቤት ተከራይቼ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዘንድሮ እቁብ ደርሶኝ ከባለቤቴ ቁጠባ ጋር ደምረን አንዲት የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ገዛን። ኦቶማቲክ ናት፤ ሞተሯ ባለ 1 ሊትር ነው። ትምህርት ቤቴ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተማ ውስጥ አላስቸገረችንም። መኪና ገዙ ከተባለ ወዲህ ግን ዘመድ ሁሉ ስልካችንን በቃሉ ይዞታል። ባለፈው ወር እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ እህቴና ትንሹ ልጄ ሆነን፣ አንድ ኩንታል ጤፍም ከኋላ ጭነን ከዳንግላ ስንመለስ መራዊ ሳንደርስ ቀይ መብራት አበራችና እንፋሎት ለቀቀች። የአካባቢው ሰዎች በጀሪካን ውሃ አመጡልን፤ እዚያው ሞልተን እየቆምን እየሄድን ከተማ ገባን። መካኒኩ ቴርሞስታቷን አውጥቶ ‹ከእንግዲህ አትሞቅም› አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ‹የሴት መኪና ናት፤ ሽጣትና ጨምረህ አሮጌ ኮሮላ ግዛ፤ አለዚያ ቅዳሜና እሁድ ለእኔ ስጠኝ፣ ሰው እየጫንኩ ገንዘብ ላምጣልህ› ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ሽጠን በባጃጃችን እንሂድ፤ ሰላማችንን እንኳ እናገኛለን› ትላለች። ባልደረቦቼ ኤሌክትሪክ ግዛ ይሉኛል። እናቴም ከኋላ ወንበር ጉልበቷ አልዘረጋ ብሎ ተሠቃይታለች። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦

መምህር፣ መኪናዋን አይሽጧት። ይህን የምለው ግን ያን ቀን ቴስታታዋ (የሞተሯ የላይኛው ክፍል) ካልተጎዳ ብቻ ነው። እሱ ሳይታወቅ የአማችዎም ሆነ የባልደረቦችዎ ክርክር የትም አያደርስም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኮፈኗን እንክፈት።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳንግላ ደግሞ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። በእኛ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ከ110 ዲግሪም በላይ ይታገሣል። የክዳኑ ላስቲክ ሲያረጅ ወይም ሞላው ሲዝል ግፊቱ ያመልጣል። የራዲያተሩ ማራገቢያ ደግሞ የሚነሣው ሙቀቱ 90ን ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ ክዳኑ የማይዝ ከሆነና የተሞላው የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ማራገቢያው ሥራ ሲጀምር ውሃው ሊፈላ አፋፍ ላይ ነው። በዚህ ላይ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ሲጨመር ያየነውን እናያለን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ። ከመኪናዋ ርካሽ ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው፤ ስለ እሱ የሚያስብ ሰው ግን ብዙ አላየሁም፤ ሁሉም ሰው ወደ ራዲያተሩ ነው የሚሮጠው። ቀጥሎ ማራገቢያውን ይፈትኑ፤ ሞተሩን አስነሥተው ኤሲውን ሲያበሩ ማራገቢያው መዞር አለበት። ካልዞረ የማራገቢያው ሞተር ተቃጥሏል ወይም ፊውዙ ወይም ሪሌው ሄዷል። ከዚያ ራዲያተሩን አሳጥበው በቧንቧ ውሃ ፋንታ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ያስሞሉ። ኩላንት የመፍያውን ነጥብ ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ዝገትን መከላከሉ ነው። የእርስዎ መኪና ዕድሜዋ ከ20 ዓመት በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ሰው የቧንቧ ውሃ እንደሞላባት እግዜር ይወቅ። ራዲያተሩ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ቀይ ከሆነ መልሱን ያገኛሉ።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከመካኒክዎ ጋር አልስማማም። ቴርሞስታት 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚከፈት በር ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዘጋዋል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። ተበላሽቶ ተዘግቶ ከቀረ ሞተር ያፈላል፤ መድኃኒቱ ግን አዲስ መግጠም እንጂ ነቅሎ መጣል አይደለም። በሩ የሌለው ሞተር በአጭር መንገድ ላይ ጨርሶ አይሞቅም። ሙቀቱን የሚያነበው ኮምፒውተር ደግሞ «ይህ ሞተር ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። እርስዎ ጠዋት 6 ኪሎ ሜትር ሄደው የሚያቆሙ ሰው ነዎት፤ ስለዚህ ሞተሯ ዓመቱን ሙሉ እንደበረዳት ትኖራለች ማለት ነው። ቤንዚኗ ይጨምራል፣ ዘይቷ ቶሎ ይበላሻል፣ ፒስተኗም ያልቃል። «በእኛ አገር አየር ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚል ጋራዥ ብዙ ነው። ይህ ልማድ እንጂ እውቀት አይደለም።

ቴስታታውስ? ቀይ መብራቱ ከበራ በኋላ ምን ያህል እንደነዱ አልጻፉልኝም። የእርስዎ ሞዴል ሙቀት የሚያሳይ ቀስት የላትም፤ ያላት መብራት ብቻ ነው። ቀዩ ሲበራ «ተጠንቀቅ» ማለቷ አይደለም፣ «አሁኑኑ አጥፋኝ» ማለቷ ነው። ሌላው የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። የቴስታታዋ ብረት አሉሚኒየም ነው፤ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ይጣመማል፣ በሥሩ ያለው ጓርኒሲዮንም (ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀል የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) ይቀደዳል። ሰዎቹ በደግነት ነው ያመጡት፤ ግን ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በእጅ ሲነካ እስከሚያስችል ድረስ መጠበቅ ነበር የሚሻለው።

መጎዳቷን ለማወቅ ከጋራዥ በፊት ራስዎ ማየት ይችላሉ። ጠዋት ሳትነሣ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፤ ውስጡ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ከታየ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። የራዲያተሩን ክዳን (ቀዝቅዛ ሳለች!) ከፍተው ያስነሡአት፤ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀ ጭሱ ወደ ውሃው እያለፈ ነው። ከማርሚታዋ (ከጭስ ማውጫዋ) የሚወጣው ነጭ ጭስ ሞተሯ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ፣ ወይም የትም ሳይፈስ ውሃዋ በየሳምንቱ ከቀነሰ፣ ያው ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ደስ ይበልዎት፤ መኪናዎ ተርፋለች። አንዱ ካለ ቴስታታው ወርዶ ይታይና ወጪውን ያስሉ፤ ያን ጊዜ «ልሽጣት?» የሚለው ጥያቄ አግባብ ይሆናል። ያኔም ቢሆን አሠርተው መሸጥ እንጂ በእንፋሎቷ መሸጥ አይገባም፤ ደላላው የሚቀንስብዎት ከጥገናው እጥፍ ነው።

ስለ ጋራዥ ካነሣን አይቀር፦ «የታይሚንግ ቺንጋዋ (የሞተሯ የላስቲክ ቀበቶ) ጊዜው ደርሷል፣ ይቀየር» የሚልዎት ሰው ካጋጠመዎት ቁልፍዎን ተቀብለው ይውጡ። ይህች ሞተር ቺንጋ አይደለም ያላት፣ ሰንሰለት ነው፤ ንጹሕ ዘይት ካገኘ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ዘይቱን 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይጠብቁ በየስድስት ወሩ ይቀይሩት፤ በአጭር መንገድ የምትኖር መኪና ዘይቷን የሚያበላሽባት ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ጊዜው ነው። ወፍራሙን ባለ 40 ዘይት «ላረጀ ሞተር ይስማማል» እያሉ ሊሞሉባት ይሞክሩ ይሆናል፤ 5 ደብልዩ 30 ወይም 10 ደብልዩ 30 ይጠይቁ።

አሁን ወደ ጤፉ። ጃፓኖች የመኪናን ሙሉ ክብደት ሲያሰሉ ለአንድ ተሳፋሪ 55 ኪሎ ነው የሚይዙት። አምስት ሰው 275 ኪሎ ይሆናል፤ መኪናዋ የታሰበችው ለዚህ ነው። ከዳንግላ ስትመለሱ አራት አዋቂ በ65 ኪሎ 260፣ ልጁ 25 ቢሆን፣ ጤፉ 100፤ በድምሩ 385። ከተፈቀደላት በ110 ኪሎ አልፋችኋል፤ ትልቁ ክብደት ደግሞ ከኋላ እግሯ ላይ ነው ያረፈው። ራሷ 900 ኪሎ ገደማ የምትመዝን መኪና ናት። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 10 ያህል ያጣል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ባሕር ዳር ላይ 57 ገደማ፣ ዳንግላ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው ያላት። ለከተማ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ለጭነት ግን አልተሠራም። መኪናዋ አልከዳችዎትም፤ ያልተጻፈላትን ሥራ ነው የሰጧት።

ጤፍ በአይሱዙ ወይም በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ይመጣል። ሁልጊዜም የመጣው እንደዚያ ነው፤ እርስዎ መኪና ስለገዙ የጤፍ መምጫ መቀየር የለበትም።

ዳንግላ ግን ራሱ አይከለከልም። አራት አምስት ሆናችሁ፣ ጭነት ሳይኖር፣ ክዳኑና ኩላንቱ ከተስተካከለ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ለዚህች መኪና ምንም አይደለም። መንገዱ እንዴት እንደዋለ ሳይጠይቁ እንደማይነሡም አውቃለሁ። አዲስ አበባ መሄድ ካሰቡ ደግሞ የሚያስጨንቀው አባይ በረሃ ነው። ከደጀን ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣሉ። ሰው የሚፈራው አቀበቱን ነው፤ እኔ የምፈራልዎት ቁልቁለቱን ነው። ዲ ላይ ትተው ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ማርሹን ወደ 2 ያውርዱት፣ ካስፈለገም ወደ ኤል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ፤ የያዘዎት እሱ ነው። አቀበቱን ጠዋት በቅዝቃዜ ይውጡት፣ ኤሲውን ያጥፉ።

ባለቤትዎ «በባጃጃችን እንሂድ» ሲሉ ቤንዚን ፈርተው ከሆነ፣ አብረን እናስላ። በወር 22 የሥራ ቀን በ12 ኪሎ ሜትር 264 ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው ሲጨመር 320 ይሁን። ደህና የምትሠራ ባለ 1 ሊትር ቪትዝ በባሕር ዳር ሜዳ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በወር 23 ሊትር ማለት ነው። ሰልቫትዮዋ (የቤንዚን ታንከሯ) 45 ሊትር ይይዛል። አንዴ ሙሉ ከተሞላች ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ታደርስዎታለች። ቤንዚን ፍለጋ በማደያ በር ሌሊት በሚታደርበት ከተማ ከዚህ የሚበልጥ ጸጋ አላውቅም። ትልቅ መኪና የያዘው ጎረቤትዎ በየሳምንቱ የሚሰለፈውን ሰልፍ እርስዎ በየወሩ ይሰለፋሉ።

ግን ሩብ ሳይደርስ ይሙሉ። የቤንዚኑ ፓምፕ ያለው ሰልቫትዮው ውስጥ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በቤንዚኑ ነው። ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ጠብታ የሚነዳ ሰው ፓምፑን ያቃጥላል፣ የታችኛውን ዝቃጭም ወደ ሞተሩ ያስገባል። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በተቻለ መጠን ይተዉት። ነጭ ጋዝ የሚቀላቅልበት አለ፤ ሞተሩ አቀበት ላይ ማንኳኳት ከጀመረና ቤንዚኑን የሚለኩሱት ካንዴላዎች ከጠቆሩ ከዚያ ነው። «ለክፉ ቀን» ብለው በጀሪካን ቤት ማስቀመጡንም ይተዉ፤ በተለይ በኪራይ ግቢ፣ የሰው ሁሉ ከሰል ምድጃ በሚነድበት። የቤንዚን ተን መሬት ለመሬት ተጉዞ እሳቱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ባለቤትዎ የፈሩት ቤንዚኑን ሳይሆን ጭቅጭቁን ከሆነ ግን፣ ከደብዳቤው እንደገባኝም ይኸው ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«አሮጌ ኮሮላ» የሚለው ምክር፦ የቱ ኮሮላ? ዲኤክስ ከሆነ ከቪትዟ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ነው የሚገዙት። ካርቡራተር ያለው ሞተር በከፍታ ላይ አየሩ መሳሳቱን አይቶ ቤንዚኑን አይቀንስም፤ የእርስዎ ኢንጀክሽን ራሱ ያስተካክላል። በየጊዜው መካኒክ ማየት የሚወድ ሰው ይግዛት። ከዚያ የተሻለ ኮሮላ ከሆነ ጭማሪው ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአገር ውስጥ ያሉት ነዳጅ በል መኪናዎች እንደ ልብ የሚተኩ አይደሉም። ያወቋትን መኪና ሸጦ የማያውቋትን መግዛት፣ ያውም ከማያውቁት ደላላ፣ ለመምህር ደመወዝ አይመከርም።

ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነገር ነው፤ ከተማችን ሜዳ ናት፣ ርቀቷ አጭር ነው፤ ትንሿን የቢዋይዲ ሲጋል የመሰለች መኪና ለባሕር ዳር የሠሯት ነው የምትመስለው። ባልደረቦችዎ የረሱት እርስዎ ተከራይ መሆንዎን ነው። የትንሹ ባትሪዋ መጠን 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከተራ ሶኬት በ2 ኪሎዋት ቢሞሉት ባዶው እስኪሞላ 14 ሰዓት ያልፋል። ቆጣሪው የማን ነው? ግቢው ውስጥ ስንት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል? አከራይዎ የወሩን ሂሳብ ሲያዩ ምን ይላሉ? መብራት በሄደ ቀንስ? የራስዎ ቤትና ቆጣሪ ሲኖርዎት ይመለሱበት።

«የሴት መኪና» ለሚለው መልስ የለኝም። አማችዎ ከባጃጅ ወርደው ይህን የሚሉ ከሆነ ዝም ይበሏቸው።

ግን «ለእኔ ስጠኝና ሰው ልጫንባት» ያሉትን ዝም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። የሚድነው መኪናዋ በዚያ ጊዜ ተሰርቃ እንደነበር ካስረዳ ነው፤ ለአማቹ በእጁ ቁልፍ የሰጠ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ታርጋዎ ኮድ 2 ነው፤ ለግል መገልገያ እንጂ በክፍያ ሰው ለመጫን አይደለም። የመድን ውልዎም በዚያው ልክ የተገባ ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰው ቢገጭ፣ ከመድኑ ጋር የሚከራከሩት እርስዎ፣ የተጎጂው ቤተሰብ ደጅ የሚቆሙት እርስዎ፣ የሚታረቁትም እርስዎ ነዎት። አማችዎ የሚያመጡልዎት የሁለት ቀን ገቢ ይህን አይሸፍንም። ሲነግሩአቸው በሕጉ ይንገሩአቸው፣ በጸባያቸው አይደለም። «አላምንህም» ካሉ ዘመድ ያጣሉ፤ «ሕጉ እኔን ነው የሚይዘው» ካሉ ቢያኮርፉም ያልፋል።

ዘመዶቹስ? መኪና ገዝቶ ዘመድ አልጭንም የሚል ሰው በእኛ አገር አይኖርም፤ እንዲኖርም አልመክርም። የሚያጣላው እንቢ ማለት አይደለም፤ ለአንዱ እሺ ለሌላው እንቢ ማለት ነው። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ ልኩን ቁረጡ፤ ከዚያ ለእርስዎም ወገን ለእሳቸውም ወገን አንድ ዓይነት ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እቆርጣለሁ፦ ሌሊት ምጥ የያዛት፣ በሽተኛ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚወስድ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደካማ ሰው የሚመልስ፣ ሰዓቱ ሳይጠየቅ እሺ። ለሠርግ አጀብ፣ ለዕቃ ማመላለስ፣ «ውሰደኝና ጠብቀኝ» ለሚል የገበያ ቀን፣ እንቢ። ከከተማ ውጭ የሚሄዱት በወር ከአንድ ጊዜ አይበልጥም፤ ማን እንደሚሄድበትም ባለቤትዎ ይወስኑ። ይህን አውቆ የሚያኮርፍ ዘመድ ይኖራል። ፋሲካ ላይ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ልኩን የሚናገሩት እርስዎ ይሁኑ። «እሷ ናት የከለከለችኝ» እያሉ ከሆነ፣ ባለቤትዎ መኪናዋን መጥላታቸው አይገርመኝም። ከደብዳቤው ላይ ይህን አላነበብኩም፤ ከስንት ቤት ስለማውቀው ነው።

ክረምቱ ሳይገባ የምጨርሰው ትንሽ ነገር አለ። የባሕር ዳር ሜዳነት ለመንዳት ጸጋ ነው፣ ለዝናብ ግን መከራ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ውሃው መሄጃ አጥቶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ትንሽ መኪና አየር የምትስበው ከዝቅታ ነው። ውሃው ከጎማዋ ግማሽ ካለፈ አይግቡበት። ገብተው ከጠፋችብዎት ደግሞ በፍጹም ደግመው አያስነሡአት፤ ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። ገፍተው ያውጧት፣ ካንዴላዎቹን አስወጥተው ያድርቋት። የፍጥነት መቀነሻዎቹ ላይ ሆዷን እንዳትመታ በቀጥታ ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ አድርገው በዝግታ ይለፉ። ሞላዋ ላይ ጎማ አስገብቶ ከፍ ማድረግ የሚመክርዎ ይኖራል፤ ብዙ ከፍ ካለች ጎማ የሚያዞረው ዘንግ አቀማመጡ ተዛብቶ ላስቲኩ ይቀደዳል፤ ከዚያ ኮብልስቶን ላይ ስትታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። የጎማ ነፋስ በጎሚስታው ግምት አይሙሉ፤ በሩ ሥር ባለው ተለጣፊ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ በቀኝ መሪ የተሠራች ስለሆነች፣ መሪዋ ተዛውሮ የመጣች ከሆነ ተለጣፊውን የሚያገኙት በተሳፋሪው በር በኩል ነው። 220 የሚል ካዩ 2.2 ባር ማለት ነው፤ ጎሚስታው በሚያውቀው ልኬት 32 ነው። መሪዋ የተዛወረ መሆኑን ካረጋገጡም፣ ቴርሞስታቱን ሲያስገጥሙ በዚያው ከመሪው በታች ያለውን የመሪና የፍሬን መገጣጠሚያ በጥሞና ይመልከቱልኝ ይበሉ።

እናትዎን በተመለከተ፣ ከኋላ ያስቀመጧቸው ምናልባት ባለቤትዎን ከፊት ለማክበር ብለው ይሆናል። የሚቀጥለው ጊዜ እናትዎ ከፊት ይቀመጡ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡት፣ መደገፊያውን ትንሽ ያስተኙት፤ ሲገቡም መጀመሪያ ወደ ውጭ ዞረው ይቀመጡና ከዚያ እግራቸውን አንድ ላይ ያስገቡ፤ ጉልበት የሚያመው ሰው እንዲህ ነው የሚመቸው። ከእሳቸው ኋላ ትንሹ ልጅ ይቀመጥ፤ እግሩ ገና አጭር ነው፣ ቦታው ይበቃዋል። ባለቤትዎና እህትዎ ከእርስዎ ኋላ ይጠጋጉ፤ ጤፉ ስለማይኖር የኋላ ሻንጣ ቦታው ለጫማውና ለጓዙ ነፃ ነው።